ለምርቃት የተጠራ መካኒክ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ ላይ የአውሮፕላን ፎቶ ይዘንብብኛል። የሚልኩልኝ የጓደኞቼ ልጆች፣ የልጆቹ ጓደኞች፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሁሉም ለማጅ ፓይለት ነው፤ ሁሉም ያማረ ነገር አግኝቷል። «ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ፎቶው ላይ የሚታየው ቀለም ነው። አንድ ሰው ጋራዡ ውስጥ በገዛ እጁ የገጣጠመው፣ አጥንቱ እንጨት ቆዳው ጨርቅ የሆነ አውሮፕላን በፎቶ እንዴት ይታወቃል? ሚስት እንኳ በፎቶ መምረጥ ከቀረ ስንት ጊዜው።

ይባስ ብሎ አብዛኞቹ የሚልኩልኝ ከገዙ በኋላ ነው። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እንጨትና ጨርቅ ስፈትሽ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ሥራዬ «እንኳን ደስ አለህ» ማለት ሆኖ አረፈው። እንግዲያው እኔም ሆዴ ውስጥ ያለውን ልናገር።

ሙያውን የተማርኩት አገር ቤት፣ ቆላ ውስጥ፣ ለጥጥ እርሻ መድኃኒት የሚረጩ ትናንሽ አውሮፕላኖች በሚጠገኑበት ሃንጋር ነው። ሞተር የሚሠሩት ልጆች እኛን የእንጨትና የጨርቅ ክፍል ሠራተኞች «አናጢዎቹ» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ዘውዴ የሚባሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። እኔን መካኒክ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ዘውዴ ክንፍ ከመንካታቸው በፊት ሰዓታቸውንና ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ጨርቁን እንዳይጭርባቸው ነው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ። ደህና እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ኮላው የለቀቀበት ቦታ ሲደርሱ ድምፁ ይታፈናል፤ እዚያ ላይ ጣታቸው ቆም ይላል። አንኳኩተው ሲጨርሱ ደግሞ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ። በክንፉ ሆድ በኩል፣ ወደ ኋላኛው ጠርዝ፣ የገባ ውኃ እንዲወጣ የተተዉ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ አፍንጫቸውን እዚያ ላይ ለጥፈው ወደ ውስጥ ይስባሉ። እኔ አዲስ ሳለሁ ሳቄን አፍኜ ነበር የማየው።

«ሳቅ፣ ሳቅ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሳይዞሩ። «በዓይኔ ብቻ ብፈርም ኖሮ ስንት ለቅሶ በደረስኩ ነበር።»

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን መጋዛቸውን ነው። አይሆንም ብለው የጣሉትን እንጨት፣ ትልቁ ወጋግራም ይሁን አንዲት ቀጭን ጎድን፣ ራሳቸው ለሁለት ሳይቆርጡ ከጠረጴዛቸው አያስነሱም። ለማገዶ የሚሄደውን እንኳ። እኛ አጠገባቸው ቆመን ማየት ግዴታችን ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው እጃቸውን እስኪታጠቡ ድረስ አልመለሱልኝም፤ ጥያቄ ሲጠየቁ ሁልጊዜ መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠቡ ነበር።

«መጣሌን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉ ፎጣውን እየሰቀሉ። «ነገ የሚያገኘው ሰው አያውቅም። ደህና እንጨት ይመስለዋል። ይጠርገዋል፣ ይቀባዋል፣ አውሮፕላን ላይ ይሰቅለዋል። ተቆርጦ ሲያየው ግን ምንም አይመስለውም፤ ይተወዋል።»

ዲቪ ደርሶኝ ላስ ቬጋስ ስገባ እንደማንኛችንም ከካዚኖ ነው የጀመርኩት። የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ፣ ስዊንግ ሺፍት፣ የማታውን ፈረቃ፣ ስገባ፣ ኦቨርታይም ስጠይቅ ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት እያጠናሁ የመካኒክነቱን ፈተና አለፍኩና ከከተማ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ አንድ ጥገና ቤት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከቲፑ ያንስ ነበር። ቢሆንም የእንጨት ሽታ ናፍቆኝ ነበር፣ ገባሁ።

አለቃዬ ሪክ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልደታችንን ያስታውሳል፣ ስንታመም ይጠይቃል። ግን ፈሪ ነው። ባለንብረት ይፈራል፣ ጠበቃ ይፈራል፣ ክርክር ይፈራል። እሱ ዘንድ ያለው ሌላው ጣጣ ደግሞ እዚህ አገር ሁሉም የሚያወራው ወሬ ነው፤ በረሃ ለአውሮፕላን ይስማማል ይላሉ። ለብረቱ እውነት ነው፣ አይዝግም። እንጨት ግን ሌላ ነው። ዝናባማ አገር የኖረ የእንጨት ክንፍ ወደዚህ ሲመጣ ይደርቃል፣ ይኮማተራል። ብሎኑ ይላላል፣ ኮላው አፉን ይከፍታል፣ ፀሐዩ ደግሞ ጨርቁን ከላይ ይበላዋል። ይህን ስናገር ሪክም ደንበኞቹም ጆሮ ዳባ ልበስ ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ባለሁለት መቀመጫ የእንጨት አውሮፕላን ለዓመታዊ ፍተሻ መጣ። ባለቤቱ ምንም ችግር ደርሶበት አያውቅም አለን። እኔ የክንፉን ጫፍ ሳየው ተጠግኗል፤ መሬት መትቶ ነበር ማለት ነው። ክንፉን ከሥር እስከ ጫፍ የሚሸከመውን ዋናውን እንጨት፣ እኛ ወጋግራ የምንለውን፣ ጨርቁን ከፍቼ በመብራትና በማጉያ መነጽር ስንዝር በስንዝር ፈተሽኩት። ማጠናከሪያው ሳንቃ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ከፀጉር የቀጠነች መስመር አገኘሁ። እንጨቱን አቋርጣ ነው የምትሄደው። ብዙ ሰው የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ይመስለዋል። እንጨቱ በኃይል ሲጎብጥ ውስጡ ተጨፍልቆ የቀረ ስብራት ነው፤ አንድ ጠንከር ያለ ነፋስ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ዙሪያውን በቀይ እርሳስ ከበብኩትና ሪክን ጠራሁት።

«ይሄ ሞቷል» አልኩት። «ልቁረጠው።»

«ታዴ፣ ያንተ ንብረት አይደለም። የኔም አይደለም» አለ። «አላለፈም ብለህ ጻፍና ባለቤቱ ይውሰደው።»

ተከራከርኩ። የጋሽ ዘውዴን መጋዝ ነገርኩት። ሪክ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ ቢሮው ገባ። ሕጉ ከእሱ ጋር ነበር፤ የሰው ንብረት የሰው ነው። ባለቤቱ መጥቶ እያጉረመረመ ክንፉን ጭኖ ሄደ።

ያ ክንፍ በሌላው ዓመት አየር ላይ ታጠፈ። ሲበርበት የሞተው ሰው ፈቃዱን ገና ያወጣ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ ከባለቤቱ ከገዛው ሰው የገዛ። መርማሪዎቹ ስብርባሪውን ሊያሳዩኝ ጠሩኝ። ቀዩ ክብ እዚያው እንጨቱ ላይ ነበር። በላዩ ላይ ቫርኒሽ ተቀብቶበታል። አንድ ሰው፣ ጤነኛ ሰው፣ ያን ክብ ዓይኑ እያየ ብሩሹን አሳልፎበት፣ ላዩ ላይ ጨርቅ አልብሶ ሸጦታል። አስተማሪውም ጨርቁ አዲስ መሆኑን አይቶ ደስ ብሎት ገዝቶታል።

ሪክ «እኛ የፈረምነው ነገር የለም» አለኝ። ማጽናናቱ ነበር። በሳምንቱ ለቅቄ ሌላ ጥገና ቤት ገባሁ፤ ጡረታ የወጣሁት ከዚያ ነው። ያንን አስተማሪ በሕይወት ሳለ አይቼው አላውቅም፤ ግን ዛሬም ሳስታውሰው አንጀቴ ይቃጠላል። በማን እንደምናደድ እንኳ ጠርቶ አልታወቀኝም። በቀቢው፣ በሻጩ፣ በሪክ፣ በሕጉ፣ በሁሉም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አሳልፌ፣ ጡረታ ወጥቼ ቤቴ በተቀመጥኩበት ግርማ ደወለልኝ። ግርማ ካዚኖ አብረን የጀመርን ጓደኛዬ ነው፤ እሱ ካርታ አከፋፋይ ሆኖ እዚያው ቀረ። ማውንተንስ ኤጅ የሚባል ሰፈር ነው ቤቱ። ልጁ ብሌን እዚህ ተወልዳ ያደገች፣ ሰመርሊን ሰፈር ቢሮ የምትሠራ፣ ከልጄ ለይቼ የማላያት ናት። የፓይለት ፈቃዷን ስታወጣ እኔ ነኝ ኬኩን የገዛሁት።

«ታዴ፣ ቅዳሜ ሃንጋር እንድትመጣ» አለ ግርማ። «የብሌንን አውሮፕላን ትመርቅልናለህ።»

«የምን አውሮፕላን?»

«ገዛች እኮ። የእንጨት ነው፣ ያንተ ዓይነት።»

«መቼ ነው የገዛችው? ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ሳያልቅ አይወራም ብለን ነዋ።»

ይኸውላችሁ የኛ ነገር። ቪዛ ሲሆን ሳይመታ አይወራም። ቤት ሲሆን ቁልፉ ሳይያዝ አይወራም። ዓይን እንዳይገባበት፣ ምቀኛ እንዳይሰማ። ለቪዛው ይሁን፣ ግዴለም። አውሮፕላን ግን እንዴት ይደበቃል? የእንጨት ክንፍ ስሠራ የኖርኩ ሰው አጠገባቸው ተቀምጫለሁ፤ ከእኔ ደብቀው ይገዙና ሲያበቁ ለምርቃት ይጠሩኛል። ስልኩን ዘግቼ ሳሎኔ ውስጥ እየተንጎራደድኩ ብቻዬን ተሳደብኩ።

ብትጠይቀኝ ኖሮ የምነግራት ቀላል ነው። ለማጅ ነሽ፤ ጎንሽ አስተማሪ የሚቀመጥበት ሁለተኛ መቀመጫ ያለው ይሁን። ቀስ ብሎ የሚያርፍ፣ ስትሳሳቺ ጊዜ የሚሰጥሽ ይሁን። እዚህ አገር በበጋ አየሩ ሲሞቅ ይሳሳል፤ ደካማ ሞተር መሬቱን ለቅቆ መውጣት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ሞተሩ አቅም ይኑረው። የሠራውን ሰው አግኝተሽ አነጋግሪው፤ ሲሠራ ያነሳውን ፎቶ፣ ጨርቅ ሳይለብስ፣ አጥንቱን አሳየኝ በዪው። ከሞተ ደግሞ ጨርቁን ከፍተሽ እዪ። አዲስ ጨርቅ ካየሽ ከማድነቅሽ በፊት ከሥሩ ምን እንዳለ ጠይቂ። ይሄን ለማለት ዲግሪ አያስፈልግም፤ አንድ ስልክ መደወል ነው የሚያስፈልገው።

ቅዳሜ ሄድኩ። ሃንጋሩ በሰው ተሞልቷል። ድፎ ዳቦ ተደፍቷል፣ ለስላሳው በበረዶ ተቀምጧል፣ ልጆቹ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። አውሮፕላኑ መሐል ቆሟል፤ ደማቅ ቢጫ፣ አዲስ ጨርቅ፣ ሪባን የታሰረበት። መቀመጫው አንድ ብቻ ነው። ማለት የመጀመሪያውን በረራ ብቻዋን ልትማረው ነው። ሦስተኛው ጎማ ጭራው ሥር ነው፤ ለማጅ እግሩ ካልለመደው መሬት ላይ ዞር ብሎ የሚጥል ዓይነት። ከሰሜን፣ ዝናብ ከማያቋርጥበት ጠረፍ ነው የመጣው አሉኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ በሉ ይመርቁልን» አሉ ሰዎቹ፤ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

ሰዓቴንና ቀለበቴን አውልቄ ኪሴ ከተትኩ። «መጀመሪያ ልንካው» አልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ አንኳኳሁ። ከሥሩ ጥርት ያለ ነው፤ ክንፉን ከታች የሚደግፈው ዘንግ የሚያያዝበት አካባቢ ስደርስ ድምፁ ታፈነ። ደግሜ አንኳኳሁ፣ ያው ነው። ጎንበስ ብዬ አፍንጫዬን ቀዳዳው ላይ ለጠፍኩ። የሻገተ ጆንያ ሸተተኝ፤ በዚህ በረሃ፣ ከንፈር በሚሰነጠቅበት አገር። ከኋላዬ የሆነች ልጅ ስትስቅ ሰማሁ።

«ይሄን አልመርቅም» አልኩ ቀና ብዬ።

ግርማ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ምን ነካህ ታዴ? በልጄ ቀን?» ከወደ ጠረጴዛው አንዱ «ምቀኝነት ነው» ሲል በደንብ ተሰምቶኛል። ቅጥል አልኩ። እኔ በምኑ ነው የምቀናው? ውስጡ በበሰበሰው እንጨት?

ብሌን መጣች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ግን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ጋሼ፣ ሲሪየስ ነዎት? ኢንስፔክሽን ፓስ አድርጓል እኮ። እርስዎ ለምን አይመርቁም?»

«የፈረመው ሰው ከፍቶ አይቶታል?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው እንየው። ያንቺ ነው፤ አንቺ ቁረጪው» ብዬ የዳቦውን ቢላ ከጠረጴዛው አንሥቼ ሰጠኋት።

አባቷ «ብሌን፣ ተይ» አላት። እሷ ከክንፉ ሥር ገብታ ያሳየኋትን ቦታ በክብ ቆረጠችው። ያ አዲስ ጨርቅ ሲቀደድ የሰዉ ሁሉ ፊት ጨምደድ አለ። በስልኳ መብራት ውስጡን አየነው። እንጨቱ ጠቁሯል። የቢላውን ጫፍ እንድትጫነው ነገርኳት፤ የቆየ ድፎ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ኮላው ለቆ፣ ተደራርቦ የተጣበቀው ሳንቃ መሐሉ ጣት ያስገባል። በዚያ ነበር ሰኞ ልትበር ያሰበችው። ሰዉ አንድ በአንድ እየተሰናበተ ሄደ። ለእኔ «ደህና ይዋሉ» ያለኝ ጥቂት ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ግርማ ስልኬን ማንሳት ተወ። ሻጩም የነሱን አያነሳም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብሌን ደወለች። «ጋሼ፣ ፕሊስ ሃንጋር ይምጡ። ዳድ አውሮፕላኑን ለሰው ሊያሳይ ነው።»

ስደርስ ክንፎቹ ወርደው የእንጨት መቆሚያ ላይ ተጋድመዋል፤ ገዢው ጭኖ እንዲሄድ ነው። እሷ የቆረጠችው ክብ የለም። ጨርቅ ተለጥፎበት፣ ተሞርዶ፣ ቢጫ ተቀብቷል። እጄን አሳለፍኩበት፤ ጥሩ ሠራተኛ ነው የሠራው። እዚያው ቆሜ በቀዩ ክብ ላይ የተቀባው ቫርኒሽ ትዝ አለኝ።

«ግርማ፣ ይሄን ለማን ነው የምትሸጠው?»

«የሸጡልኝን ነው የምሸጠው» አለ ሳያየኝ። «እኛን ማን ነገረን? ልጄ ስንት ዓመት ሠርታ ነው የገዛችው። ወረቀቱ አልፏል ይላል፤ እኔ የዋሸሁት ነገር የለም።»

ስለ አስተማሪው ነገርኩት። ሁሉንም፣ ክቡንም ብሩሹንም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የነገርኩት፤ አልተቆጣሁም ልል አልችልም፣ ጮኼበታለሁ። ብሌን ይህን ታሪክ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ግርማ «እኔ ሰው አልገደልኩም» ብሎ ፊቱን አዞረ።

በዚህ መሐል የብሌን ስልክ ጠራ። ገዢው ነው። ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማ አደረገችው። ወጣት ነው፤ ከምሥራቅ ላስ ቬጋስ መነሣቱን፣ ተጎታቹን ከጓደኛው መዋሱን ነገራት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ፈቃዴን ገና ነው ያወጣሁት። ለጀማሪ ይሆናል አይደል?»

ብሌን አባቷን አየችው። ግርማ መሬት መሬቱን ያያል።

«አይሆንም» አለችው። «ክንፉ ውስጡ በስብሷል። ይቅርታ፣ አትምጣ።» ዘጋችው።

ግርማ ራሱን ያዘ። «እሺ፣ እሱን መለስሽው» አለ። «ሌላ ይመጣል። ክንፉ እንደሆነ እዚሁ አለ።»

ያለው እውነት ነበር፤ እኔም የፈራሁት እሱኑ ነው። እሷ ብትራራ እንኳ፣ ከእሷ በኋላ የሚወስደው ይሸጠዋል። ብሌን ክንፉን ዞራ ዞራ አየችው።

«ጋሼ፣ የጋሽ ዘውዴ ነገር… መጋዝ አለዎት?» ልጅ ሆና ስለ እሳቸው ስንት ጊዜ እንዳወራሁላት ረስቼው ነበር።

መጋዙ መኪናዬ ውስጥ ነበር። ለምን ይዤው እንደመጣሁ እግዜር ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። አምጥቼ ሰጠኋት። «እኔ አልቆርጠውም» አልኳት፤ «ንብረቱ ያንቺ ነው።»

የተለጠፈውን ጨርቅ ቀደደችና ወጋግራው ላይ መጋዙን ጣለችው። መጋዝ ይዛ አታውቅም፤ መጀመሪያ ይዘላል፣ ከዚያ ያዘላት። ግርማ «ብሌን፣ ዓይኔ እያየ!» ብሎ ጮኸ። አልቆመችም። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። መሐል ላይ ሲደርስ የክንፉ ጫፍ ክብደት መጋዙን ቆነጠጠው፤ ወዲያም ወዲህም አልሄድ አለ። ብትጎትተው አይወጣም። ላግዛት ተነሣሁ።

ግርማ ቀደመኝ። ሄዶ የክንፉን ጫፍ በሁለት እጁ ደግፎ ቀና አደረገው። መጋዙ ተለቀቀ። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ እንደያዘው ቆመ፣ እሷ መጋዟን ቀጠለች፣ ወጋግራው ለሁለት እስኪሆን ድረስ።

ብሌን መጋዙን አስቀምጣ መዳፏን አየችው፤ ውኃ ቋጥሯል። ያኔ በዚያ ቅዳሜ አፌ ላይ የቀረው ምርቃት መጣልኝ።

«እጅሽ ይባረክ» አልኳት።

ግርማ የክንፉን ቁራጭ እንደያዘ «አሜን» አለ።